ነዳጁን ማን ዘጋው?

ሐምሌ 19 ቀን 1933 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ የገብርኤል ዓመታዊ በዓል። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከተመለሱ ሦስት ወር አልሞላቸውም፤ ጎንደር ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦርም ገና እጁን አልሰጠም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 26 ቀን 1941 በሆነው በዚያ ዕለት፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በአገራቸው ያለውን የጃፓን ገንዘብና ንብረት የሚያግድ ትእዛዝ አወጡ። ከአራት ወር ተኩል ገደማ በኋላ የጃፓን አውሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን ደበደቡ። በሁለቱ ቀኖች መካከል የሆነው ነገር የታሪክ ሰዎችን እስከ ዛሬ ያከራክራል። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው የታወቀ ነው። ጃፓን በ1937 ቻይና ላይ ሙሉ ጦርነት ከፈተች፣ ናንጂንግ ላይ ሕዝብ ጨፈጨፈች፣ በ1940 ከሂትለርና ከሙሶሊኒ ጋር ቃል ኪዳን ተፈራረመች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ከምትጠቀምበት ነዳጅ 80 በመቶ ያህሉ የሚመጣላት ከአሜሪካ ነበር። ዋሽንግተን የአውሮፕላን ቤንዚንና ቁርጥራጭ ብረት ላይ ገደብ ጣለች፤ ተራውን ነዳጅ ግን አልነካችም። በጁላይ 1941 የጃፓን ጦር ወደ ደቡብ ኢንዶቺና ሲገባ ይህን ጉዳይ ማቆየት አልተቻለም።

ሩዝቬልት ነዳጁን ፈጽሞ መዝጋት አልፈለጉም ነበር። ሚኒስትራቸው ሃሮልድ ኢክስ ወደ ጃፓን የሚሄደውን ጭነት ለማስቆም ሲሞክሩ ገሠጿቸው፤ ለአትላንቲክም ለፓሲፊክም የሚበቃ የባሕር ኃይል እንደሌላቸውም ጻፉላቸው። ጁላይ 24 ቀን በአደባባይ ሲናገሩ፣ ነዳጁ ቀደም ብሎ ቢዘጋ ኖሮ ጃፓን ዛሬ ኢንዶኔዥያ የምትባለውን የኔዘርላንድስ ግዛት ለመያዝ ትዘምት እንደነበር አስረዱ። የባሕር ኃይሉ የጦር ዕቅድ ክፍልም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ክርክር ኢትዮጵያውያን ቀደም ብለው በደማቸው ከፍለዋል። በ1935 የመንግሥታቱ ማኅበር ጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ከዝርዝሩ አስቀረ፤ ለንደንና ፓሪስ ሙሶሊኒ ተቆጥቶ አውሮፓ ውስጥ ጦርነት እንዳይጭር ፈርተው ነበር። መርዝ የሚረጩት አውሮፕላኖችና ወታደር የሚያጓጉዙት ካሚዮኖች ነዳጅ ሳይቋረጥባቸው ሥራቸውን ጨረሱ። እንዲህ ያለ ፍርሃት የሚያስከፍለውን ዋጋ ለማወቅ ማይጨውን ማስታወስ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ሰው እንሂድ። ዲን አችሰን በዚያን ጊዜ ለኢኮኖሚ ጉዳዮች ረዳት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ወደ ላይ በተቆለመመ ሪዛቸው የሚታወቁ፣ አለባበሳቸው የተስተካከለ፣ ከራሳቸው አስተያየት የማይነቃነቁ ጠበቃ። በ1933 በገንዘብ ሚኒስቴር ሳሉ በወርቅ ዋጋ ጉዳይ ከሩዝቬልት ጋር ተጣልተው ሥራ ለቅቀዋል። በ1940 ግን አሜሪካ ኮንግረሱን ሳትጠይቅ ለእንግሊዝ የጦር መርከቦች መስጠት እንደምትችል በጋዜጣ ላይ በሕግ ተከራክረው የፕሬዚዳንቱን መንገድ ጠርገዋል። ሕግ ዝም ባለበት ቦታ ምን ማድረግ እንደሚቻል ያውቁ ነበር።

የእገዳው አሠራር ሁለት ፈቃድ ይጠይቃል። ነዳጅ የሚገዛው ጃፓናዊ አንደኛ ጭነቱ ከአገር እንዲወጣ፣ ሁለተኛ ለክፍያው የሚሆነው የታገደ ገንዘብ እንዲለቀቅ ማስፈቀድ አለበት። የሩዝቬልት ሐሳብ ማመልከቻዎች አንድ በአንድ እየታዩ በልክ እንዲፈቀዱ ነበር፤ ኢክስ በማስታወሻቸው እንደጻፉት፣ ፕሬዚዳንቱ ገመዱን ጃፓን አንገት ላይ አጥልቀው አልፎ አልፎ ሳብ ማድረግ ነበር የፈለጉት። የመጀመሪያውን ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ጥቂት ጭነቶችን አሳለፈ። ሁለተኛው ፈቃድ ግን የሚወሰነው ከውጭ ጉዳይ፣ ከገንዘብና ከፍትሕ ሚኒስቴሮች በተውጣጡ ሦስት ሰዎች ኮሚቴ ነበር፤ ውጭ ጉዳይን ወክለው የተቀመጡት አችሰን ናቸው። ኮሚቴው ማንንም እምቢ አላለም። ክፍያው በደቡብ አሜሪካ ባንኮች ካለው ገንዘባችሁ ይምጣ ይላል፤ ለዚያ መልስ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ያነሣል። የጃፓን ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ካሊፎርኒያ፣ ሳን ፔድሮ ወደብ ላይ ባዶአቸውን ቆሙ።

በዚህ መካከል የአችሰን አለቆች ዋሽንግተን አልነበሩም። ሩዝቬልት ኦገስት መጀመሪያ ላይ ከቸርችል ጋር ሊገናኙ ኒውፋውንድላንድ ሄዱ፤ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሳምነር ዌልስም አብረው ነበሩ። ሚኒስትሩ ኮርዴል ሃል ከሕመማቸው አገግመው ገና መመለሳቸው ነበር። በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ቀኖች አንድም በርሜል አለመሄዱ ሲታወቅ፣ ሃል ነገሩ ባለበት እንዲቀጥል ተስማሙ። ያን ጊዜ በሩን መክፈት ማፈግፈግ ይመስል ነበር።

ዋልዶ ሃይንሪክስ የተባሉት የታሪክ ምሁር ነዳጁን የዘጋው ኮሚቴው ነው የሚለውን አይቀበሉም። እንደ እሳቸው አባባል ጀርመን በጁን ሶቪየት ኅብረትን ወርራ ስለነበር፣ ጃፓን ደግሞ ከሳይቤሪያ በኩል እንዳትመጣባት ሩዝቬልት ነዳጁን ሆን ብለው ዘግተዋል። አርቪን አንደርሰንና ጆናታን አትሊ በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች ግን ሙሉ እገዳው የተወለደው ከቢሮዎቹ አሠራር ውስጥ መሆኑን አሳይተዋል። ፕሬዚዳንቱ ጁላይ 24 የተናገሩት ከዚህኛው ጋር ይሄዳል፤ ሳን ፔድሮ የቆሙት መርከቦችም እንዲሁ። ጭነቱ እንዲወጣ እየፈቀደ ገንዘቡን የሚይዝ መንግሥት አንድ ሐሳብ ነበረው ማለት ይከብዳል።

አችሰን ጃፓን በገዛ እጇ ጥፋቷን የምትጠራ አልመሰላቸውም። ቶኪዮ ግን ሌላ ስሌት ይዛ ነበር፤ የባሕር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም ናጋኖ ክምችቱ ለሁለት ዓመት፣ ጦርነት ከተነሣ ለአንድ ዓመት ተኩል ብቻ እንደሚበቃ ጁላይ 31 ቀን ለንጉሠ ነገሥታቸው ነገሩ። ወደ ደቡብ የመስፋፋቱ ውሳኔ ግን ከእገዳው በፊት፣ ጁላይ 2 ቀን የጸደቀ ነው፤ የደሙ ዕዳ የቶኪዮ ሹማምንት እንጂ የሦስቱ ሰዎች ኮሚቴ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮኖዌ ከሩዝቬልት ጋር እንገናኝ አሉ፣ አልተሳካም፤ በኦክቶበር ወረዱ፣ ቶጆ ተተኩ። አችሰን በ1949 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ዛሬ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር ተመሳሳይ መሣሪያ ይዟል። በኦክቶበር 2022 የተራቀቁ የኮምፒውተር ቺፖችና መሥሪያዎቻቸው ያለ ፈቃድ ወደ ቻይና እንዳይሄዱ ደነገገ፤ ብዙዎቹ ማመልከቻዎች የሚመረመሩትም ይከለከላሉ ከሚል መነሻ ነበር። በ1941 አሜሪካን ተከትላ ጃፓን ላይ ንግድ የዘጋችው ኔዘርላንድስ በ2023 ደግሞ ከራሷ ከጃፓን ጋር ሆና የቺፕ መሥሪያ ማሽኖች ላይ ገደብ ጣለች። ቤጂንግም በዚያው ዓመት ጋሊየምና ጀርማኒየም፣ በኤፕሪል 2025 ደግሞ ሰባት ብርቅዬ የምድር ማዕድናት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ አዘዘች። አሁን በሁለቱም ዋና ከተሞች ማመልከቻ እየተቀበሉ የሚያዘገዩ ቢሮዎች አሉ፤ የእነዚህ ቢሮዎች ውሳኔ የመሪዎቹን ንግግር ያህል ክትትል ይሻል።