የድልድይ ሥራ፤ ከቅስት እስከ አርማታ



ከጐንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፥ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሊማሊሞ የሚወርደውን መንገድ የተጓዘ ሰው፥ ስለ ተራራው ግርማና ስለ ገደሉ ጥልቀት ብዙ ያወራል። መኪናው በሰላም ስለ ተሻገረባቸው ድልድዮች ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ እነዚህ ምስጋና ስለ ቀረባቸው አገልጋዮች ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን ግንበኞች በጢስ ዓባይ አጠገብ፥ አላታ በተባለው ስፍራ፥ በድንጋይና በኖራ የቅስት ድልድይ ሠርተዋል። ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲጐትቱት ግን ይሰነጠቃል። ቅስቱም ሸክሙን ወደ ግፊት ለውጦ በዳርና በዳር ወዳለው መሠረት ስለሚያወርደው፥ ድንጋዩ የማይችለውን አልተጠየቀም። ጥበቡ በዚህ ላይ ነበር።

ሞኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ አትክልተኛ ሲሚንቶን ከብረት ጋር አዋሕዶ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1867 የፈጠራ መብት አገኘ። የሊማሊሞ መንገድ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈየው የጣልያን ወረራ ዘመን ሲቈረጥ፥ ይህ ሥራ በዓለም ተስፋፍቶ ነበር። «አርማታ» የምንለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ፍችው «የታጠቀ» ነው። ትጥቁም ብረት ነው፤ ግፊቱን ሲሚንቶው፥ መጐተቱን ብረቱ ይሸከማል።

እንግዲህ የመሐንዲሱ ጥያቄ፥ «ምን ያህል ይበቃል?» የሚል ነው። በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን፥ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ የሚያርፈው ሸክም ባይለወጥ እንኳ፥ አግዳሚውን የሚያጐብጠው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አግዳሚው ይወፍራል፤ ሲወፍርም ክብደቱ ራሱ ሌላ ሸክም ይሆንበታል። ምሰሶ ቢበዛ አግዳሚው ይቀላል፤ ነገር ግን የመሠረቱ ወጪ ይጨምራል፥ የደራሽ ውሃም መንገድ ይጠባል። የሁለቱ ወጪ ተደምሮ የሚያንስበትን ስፍራ ማግኘት ነው ዋናው ብልሃት።

በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ በዓባይ በረሃ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ርዝመት ሲኖረው፥ መካከለኛው ክፍት ብቻ 145 ሜትር ነው። በገመድ ብረት የተወጠረውም በጥልቅ ሸለቆ ምሰሶ ማብዛት ስለሚያስቸግር ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በወገራ ትንሽ ጅረት ላይ ብንሠራው ግን ብክነት ነው፤ እዚያ አጭር የአርማታ አግዳሚ ይበቃል። ከአንዱ የተረፈው ገንዘብም ለሌላው ጅረት ይሆናል።

ሆኖም መመጠን ማለት መሰሰት አይደለም። ብዙ ድልድይ የሚወድቀው አግዳሚው ስለ ሳሳ ሳይሆን፥ የክረምት ጐርፍ መሠረቱን ስለ ቦረቦረው ነው። ለመሠረት ጥናት በጀት የሚነፍግ እጅ፥ የገበሬው ገብስ ከገበያ፥ ሕመምተኛውም ከሐኪም ቤት ማዶ እንዲቀር ይፈርዳል። ስለዚህ ፕላን የምንመረምርና ወጪ የምንፈርም ሁሉ፥ «ስንት ያስወጣል?» ከማለታችን በፊት «ውሃው እስከ ምን ደርሶ ያውቃል?» ብለን እንጠይቅ። ይህንንም የአገሩ ሽማግሌ ይነግረናል።