የመኪና ቸርኬን በፖሊሽ ከማሸትዎ በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነገሮች

የመኪና እርጅና ቀድሞ ከሚታይባቸው ክፍሎች አንዱ ቸርኬ ነው። የፍሬን ብናኝ ያጠቁረዋል፣ ጭቃ ይጋገርበታል፤ ክረምቱ በረዷማ በሆነባቸው አገራት ደግሞ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነጭ እድፍ ይተውበታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ባለመኪኖች የብረት ማንጸባረቂያ ወይም በተለምዶ ፖሊሽ የሚባለውን ገዝተው ማሸት ይጀምራሉ።

ይሁንና ፖሊሽ ሳሙና አይደለም። ሳሙና ቆሻሻን አላቆ ያነሳል፤ ፖሊሽ ግን የሚታሸውን ነገር ገጽ በጥቂቱ ይፍቃል። በዚህ ምክንያት አንዱን ቸርኬ የሚያሳምረው ፖሊሽ ሌላውን ሊያበላሽ ይችላል። የትኛውን ልግዛ ከማለት በፊት የሚታሸው ነገር ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይቀድማል።

ፖሊሽ እንዴት ይሠራል?

ፖሊሽ ውስጥ እጅግ የደቀቁ ጠንካራ ቅንጣቶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ሲሊካ ሲሆኑ፣ ቅባት ከሚያሟሙ ፈሳሾች ጋር ይቀላቀላሉ። በጨርቅ ሲታሹ የብረቱን ጥቃቅን ጭረቶች እየፋቁ ያስተካክላሉ። ገጹ ሲለሰልስ ብርሃንን ሳይበታትን ስለሚመልስ ያንጸባርቃል።

ምንም ያልተቀባ አሉሚኒየም በፖሊሽ ሲታሽ ጨርቁ ይጠቁራል። ጥቁሩ ነገር ቆሻሻ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከብረቱ የተፋቀ ብናኝም ጭምር ነው። ስለዚህ ጨርቁ መጥቆሩን እስኪያቆም ማሸት መጨረሻ የሌለው ሥራ ነው።

ቸርኬዎ የትኛው ዓይነት ነው?

በአሁኑ ወቅት ከፋብሪካ የሚወጡ አብዛኞቹ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ቀለም የተቀቡና በላዩ ላይ መልክ በሌለው መከላከያ ቫርኒሽ የተሸፈኑ ናቸው። የብረት መልክ ያላቸውና የሚያብረቀርቁት ሳይቀሩ ብዙ ጊዜ ይህ ሽፋን አላቸው። ቫርኒሹ ከሰው ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። በብረት ፖሊሽ ደጋግሞ ማሸት ሽፋኑን ያደበዝዘዋል፣ ያሳሳዋል። ሽፋኑ አንድ ቦታ ላይ ከተከፈተ ውሃና ጨው ሥር ለሥር ገብተው አሉሚኒየሙን ይበሉታል፤ በቫርኒሹ ሥር እንደ ትል መንገድ የተጠማዘዘ ነጭ መስመርም ይታያል። ለእንዲህ ዓይነት ቸርኬ የሚያስፈልገው ለስላሳ የመኪና ሻምፖና ለመኪና ቀለም የተዘጋጀ ሰም ነው።

ክሮም የተነከረ ቸርኬ ወይም ጌጥ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ክሮም በጣም ጠንካራ ብረት ነው፤ ነገር ግን ለጌጥ ሲውል ከኒኬል በላይ የሚለብሰው ንብርብር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ በታች ነው። ሻካራ ፖሊሽ ወይም የድስት ሽቦ ሽፋኑን ሊጎዳው ይችላል፤ አንዴ ከተላጠ ደግሞ በፖሊሽ አይመለስም። ለክሮም ተብሎ የተዘጋጀ ለስላሳ ማጽጃ መምረጥ ይገባል።

በመስኮት ዙሪያ ያሉ የአሉሚኒየም ጌጦች ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ ኃይል የተፈጠረ የኦክሳይድ ሽፋን አላቸው። እነዚህን የሚጎዳቸው መፋቅ ብቻ አይደለም። እንደ በረኪና ያሉ ኃይለኛ ማጽጃዎችና ጠንካራ አሲዶች የማይለቅ ነጭ እድፍ ይተዉባቸዋል። የብረት መልክ የተሰጣቸው ፕላስቲክ ጌጦችም ጥቂት ስላይደሉ ጣት አስነክቶ ድምፁን ማዳመጥ ይጠቅማል።

የብረት ፖሊሽ በትክክል ቦታውን የሚያገኘው ምንም ባልተቀባ አሉሚኒየም ላይ ነው።

ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። የማይታይ ጥግ ይምረጡና ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ ነክተው በቀስታ ይሹ። ጨርቁ ወዲያው ከጠቆረ ያልተሸፈነ አሉሚኒየም ነው። ካልጠቆረ ወይም የቸርኬውን ቀለም ከያዘ ሽፋን ስላለው ያቁሙ። ቦታው አስቀድሞ በደንብ መታጠብ አለበት፤ አለበለዚያ ቆሻሻው ያሳስታል።

አሠራሩ

መጀመሪያ ቸርኬው መቀዝቀዝ አለበት። በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገራት ፀሐይ ላይ የቆመ ወይም ገና ከጉዞ የተመለሰ መኪና ቸርኬ ስለሚግል ማጽጃው ሳይታጠብ ደርቆ እድፍ ይሆናል። ከዚያ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡ። ቸርኬው ላይ የቀረ አሸዋ በፖሊሹ ጨርቅ ሥር ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይጭራል። በመቀጠል ጥቂት ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ ይዞ አንድ በአንድ ትንሽ ቦታ ማሸት፣ ከዚያም በሌላ ንጹሕ ጨርቅ መወልወል ነው።

አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ እርጥበትና ጨው ሲጨመርበትም ይደበዝዛል። በመሆኑም ከፖሊሽ በኋላ ሰም ወይም ሌላ መከላከያ መቀባት የሥራው አካል ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች

ፖሊሽም ሆነ ሰም የፍሬን ዲስክን መንካት የለበትም። ቅባት የነካው ዲስክ የፍሬኑን ኃይል ይቀንሳል። ዲስኩን መሸፈን፣ ሥራው ሲያልቅም ትራፊክ በሌለበት ቦታ በዝግታ እየነዱ ፍሬኑን መሞከር ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው አሲድ ባላቸው የቸርኬ ማጽጃዎች ነው። አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም ወደዚያ የሚለወጥ አሞኒየም ባይፍሎራይድ አላቸው። አሲዱ ቀጭን ከሆነ ቆዳን ሲነካ ወዲያው ላያቃጥል ይችላል፤ ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚያ መካከል ግን ወደ ውስጥ ዘልቆ በሰውነት ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይይዛል፤ ይህም እስከ ልብ ሥራ መዛባት ሊያደርስ ይችላል። የነካው ሰው ሕመም ባይሰማውም ቆዳውን በብዙ ውሃ ታጥቦ ፈጥኖ ሐኪም ዘንድ መሄድና የምርቱን ዕቃ ማሳየት አለበት። ሕክምናው ካልሲየም ግሉኮኔትን ያካትታል። በመኪና እጥበት ለሚተዳደሩ ሰዎች ይህ በየዕለቱ የሚነካ ነገር ሊሆን ስለሚችል፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብና ተስማሚ ጓንትና የዓይን መከላከያ መጠቀም ግድ ነው።

ነጭ ዝገት ጎማው ቸርኬው ላይ በሚቀመጥበት ጠርዝ ከታየ ወይም ጎማው ቀስ በቀስ አየር የሚያጣ ከሆነ ነገሩ የውበት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ቸርኬም እንዲሁ። ፖሊሽ እንዲህ ያለውን ጉዳት ከዓይን ይሸሽግ ይሆናል እንጂ አይጠግንም፤ መታየት ያለበት በባለሙያ ነው።