የከርነል መረጃ ማፈትለክና የኮምፒዩተር ደህንነት

ከርነል የኮምፒዩተር ስርዓተ ክወና እምብርት ሲሆን፣ ፕሮግራሞች ማህደረ ትውስታን፣ ዲስክንና ኔትወርክን የሚጠቀሙት በእርሱ ፈቃድ ነው። ከርነሉ ለራሱ የያዘው መረጃ ወደ ተራ ፕሮግራም ሲወጣ የመረጃ ማፈትለክ ይባላል። ክስተቱ ፋይል አያጠፋም፤ ማሽኑንም አያቆምም። በዚህ የተነሳ ብዙውን ጊዜ እንደ ቀላል እንከን ተቆጥሮ ጥገናው ይዘገያል።

የተለመደው መነሻ የቸልታ ስህተት ነው። ከርነሉ ለፕሮግራሞች መልስ ሲያዘጋጅ ቀድሞ ለሌላ ስራ ያዋለውን የማህደረ ትውስታ ክፍል መልሶ ይጠቀማል። ክፍሉ ካልጸዳ፣ መልሱ ያልሸፈነው ቦታ የቀድሞውን ይዘት እንደያዘ ይወጣል። አንድ ጽህፈት ቤት በጀርባው የምስጢር ደብዳቤ ረቂቅ ባለበት ወረቀት ላይ ተራ ማስታወቂያ አትሞ ቢያሰራጭ ከሚደርሰው የተለየ አይደለም። የሚወጣው አልፎ አልፎ የይለፍ ቃል ቁራጭ ሊሆን ቢችልም፣ አንድ የማህደረ ትውስታ አድራሻ ብቻ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

አንድ አድራሻ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ሊኑክስ እ.ኤ.አ ከ2014 ጀምሮ ኮምፒዩተሩ በተነሳ ቁጥር ከርነሉን በተለያየ አድራሻ ላይ የማሳረፍ ዘዴ አካቷል። በተለመዱት ባለ 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ የከርነሉ ኮድ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ከ512 አይበልጡም። ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም የተሳሳተ ግምት አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑን አቁሞ አጥቂውን ስለሚያጋልጥ መከላከያው ዋጋ አለው። ይሁንና ኮዱ የሚዛወረው እንደ አንድ አካል በመሆኑ፣ የአንዲት ክፍል አድራሻ ከታወቀ የቀሩት በመደመርና በመቀነስ ይገኛሉ።

በኦስትሪያ የግራዝ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2017 ካይዘር የተሰኘ ዘዴ አቀረቡ። ዘዴው ተራ ፕሮግራም በሚሰራበት ጊዜ የከርነሉን የማህደረ ትውስታ ካርታ ከሞላ ጎደል ከፕሮሰሰሩ ፊት የሚያነሳ ሲሆን፣ የታሰበውም የፕሮሰሰሩን የጊዜ ልዩነት በመለካት አድራሻ እንዳይሰረቅ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 2018፣ ሜልትዳውን የተሰኘው የፕሮሰሰር እንከን ይፋ ሆነ። በዚህ እንከን ተራ ፕሮግራም የከርነሉን አድራሻ ብቻ ሳይሆን ይዘቱን ጭምር ማንበብ እንደሚችል ታወቀ፤ በሙከራም በሰከንድ ከ500 ኪሎባይት በላይ ተነቧል። አንድ ከርነል ብዙ ደንበኞችን በሚያስተናግድባቸው ማሽኖች ላይ አደጋው የከፋ ነበር።

ለትንሹ ቀዳዳ የተዘጋጀው ዘዴ ለትልቁ መድፈኛ ሆኖ ተገኘ። ሊኑክስ በዚያው ወር በወጣው 4.15 እትሙ ዘዴውን ያካተተ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍትና አፕልም ተመሳሳይ እርምጃ ወስደዋል። ከርነሉን ደጋግመው የሚጠሩ ስራዎች በዚህ ሳቢያ ፍጥነታቸው ቀንሷል። ይኸው እትም በከርነል መልእክቶች ውስጥ እውነተኛ አድራሻዎች በቀጥታ መታተማቸውንም በአብዛኛው አስቀርቷል። መልእክቶቹን ከተራ ተጠቃሚ ጨርሶ መሸሸግ ግን በቅንብር የሚወሰን በመሆኑ፣ በየመስሪያ ቤቱ አገልጋይ ኮምፒዩተሮች ላይ መደረግ አለመደረጉ በስርዓቱ አስተዳዳሪ እጅ ነው።