ነፍስ (በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም)

ነፍስ፦ የዕብራይስጡ «ኔፌሽ» እና የግሪኩ «ፕሲኬ» አብዛኛውን ጊዜ የሚተረጎሙበት ቃል። ዕብራይስጡና ግእዙ ከመተንፈስ ጋር የተያያዘ አንድ ሴማዊ ሥር አላቸው፤ «ነፋስ»ም የዚሁ ዘር ነው።

«ኔፌሽ» ከሥጋ የሚለይ ረቂቅ ነገር ብቻ አይደለም። በዘፍጥረት 1 የባሕርና የምድር እንስሳትም ሕያው ነፍስ ናቸው። በዘፍጥረት 46፥27 በዕብራይስጡ 70 የሆኑት የያዕቆብ ቤተ ሰቦች የሚቆጠሩት በነፍስ ነው፤ በዘኍልቍ 6፥6 ደግሞ ቃሉ ሬሳን ያመለክታል። ከሁሉ የሚደንቀው መዝሙር 69 (በግእዝ 68) ነው። ውኃ እስከ «ኔፌሽ» መድረሱን የሚናገረው ሰው ሊሰጥም የቀረበ ስለሆነ፣ ብዙ ሊቃውንት ቃሉን ጉሮሮ ወይም አንገት ብለው ይረዱታል። ግእዙ የተተረጎመው ከግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም በመሆኑ «ነፍስ» አለ፤ አንባቢም የውኃውን ከፍታ ልብ ሳይል ሊያልፍ ይችላል።

በማቴዎስ 16፥25-26 «ፕሲኬ» አራት ጊዜ ይገኛል። የእንግሊዝኛው ኪንግ ጄምስ በቁጥር 25 «ሕይወት»፣ በ26 «ነፍስ» ብሎ ይከፍለዋል። የ1954 ዓ.ም. አማርኛ ግን በሁለቱም «ነፍስ»ን ይይዛል፤ ይህም የተሻለ ነው፣ የንግግሩ ሰንሰለት አይበጠስምና። አማርኛ ይህን ስፋት ለመሸከም አይቸገርም፦ ነፍሰ ጡር፣ ነፍሰ ገዳይ፣ ነፍስ ያወቀ ልጅ ይላል።