የስክንድስ መልስና የባሌ ላም

ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ሐድርያን የነገሠው ከ117 እስከ 138 እ.ኤ.አ. ነው። በዘመኑ አቴና ውስጥ ላለመናገር የማለ ፈላስፋ እንደነበረ ይተረካል፤ ስሙ ሴኩንዱስ፣ በግዕዙ ስክንድስ። ንጉሡ በሰይፍ ቢያስፈራራውም አንገቱን ሰጠ እንጂ አፉን አልከፈተም። በኋላ ግን ለንጉሡ ጥያቄዎች በጽሑፍ መለሰ፦ ሀብት ምንድን ነው? ድህነትስ? ሞትስ? ታሪኩ ከግሪክ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተሻግሮ በብራና ተገለበጠ። የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገርም ሰብስበው ያሳተሙት ካናዳዊው ፕሮፌሰር ክላውድ ሰምነር፣ ስክንድስን ከኢትዮጵያ ፍልስፍና መጻሕፍት አንዱ አድርገው አጥንተውታል።

ፈላስፋው ሀብትን ከስጋትና ከምቀኝነት ጋር ያቆራኘዋል፤ ድህነትን ግን ከጤናና ከሐሳብ ነጻ ከመሆን ጋር። ባሌ ውስጥ ዲንሾ ተወልጄ ላደግሁት ለእኔ የመጀመሪያው እውነት ነው። በባሌ ደጋ ባለጸጋ የሚባለው ባለከብት ነበር። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በምጽዋ በኩል የገባው ደስታ የተባለ የከብት በሽታ ግን ከአገሪቱ ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ ክፉ ቀን የተባለው ረሀብም ተከተለ። በረት ሙሉ ከብት የነበረው ሰው በአንድ ወቅት ባዶ እጁን ቀረ።

ሁለተኛውን ግን አልቀበልም። ወተት የሌለበት ቤት ሐሳብ የሌለበት ቤት አይደለም። ለዚህ የአርሲና የባሌ ኦሮሞ ሽማግሌዎች የተሻለ መልስ ነበራቸው፦ ዳበሬ። ባለከብቱ የምትታለብ ላም ለሌለው ያውሳል፤ ተዋሹ ይጠብቃታል፣ ያልባታል፣ ልጆቹን ያሳድግባታል፤ ላሟ ግን የባለቤቷ ናት። ባለቤቱም ይጠቀማል፤ ከብቱ በየመንደሩ ስለተበተነ በሽታ ወይም ድርቅ አንዱን በረት ቢመታ ሌላው ይተርፋል። አያቴ ላሞቻቸውን ሲቆጥሩ በሰው ቤት ያሉትን ያስቀድሙ ነበር።

ስክንድስ ንጉሡን ያሸነፈው ሞትን ስላልፈራ ነው። ልጆች የያዘች እናት ግን እንዲህ ልትጸና አትችልም፤ እሷን የሚያጸናት ጎረቤት ነው። ዛሬ ግጦሹ ጠቧል፣ መስኩ ለገብስና ለስንዴ እየታረሰ ነው፤ ዳበሬም እየሳሳ ነው። ላም ያጠረው በበግ፣ በግ ያጠረው በዘር እህል ይጀምር፤ ሥርዐቱ የሚጠይቀው ያለው የሌለውን እንዲያምን ብቻ ነው።