መመሪያውን ማን ይጻፈው? ከኮምፒዩተር የጽሑፍ ምልክቶች ታሪክ

የብራና ጸሐፊ ለሥራ ሲቀመጥ ሁለት ቀለም ያዘጋጃል፤ ጥቁርና ቀይ። ጥቁሩ ለንባቡ ነው። ቀዩ ደግሞ ለአምላክ፣ ለማርያምና ለቅዱሳን ስም፣ እንዲሁም ለምዕራፍ መነሻ ይውላል። ቀዩ ቀለም ለዓይን ጌጥ ቢመስልም ዋና ሥራው መናገር ነው፤ «ይህ ቅዱስ ስም ነው፤ እዚህ ላይ አዲስ ነገር ይጀምራል» ይላል።

የኮምፒዩተር ሰዎች «ማርክአፕ» የሚሉትም የዚሁ ዘመድ ነው። ከንባቡ መካከል ገብቶ ስለ ንባቡ የሚናገር ምልክት ማለት ነው። ነገሩ ከባለሙያዎች ጓዳ የማይወጣ ሊመስል ይችላል። ዳሩ ግን ማንኛውም ሶፍትዌር የአጠቃቀም መመሪያ ይፈልጋል፤ መመሪያው በምን ዓይነት ምልክት እንደሚጻፍ ሲወሰንም ሌላ ነገር አብሮ ይወሰናል። ይኸውም መመሪያውን ማን ሊጽፈው፣ ማንስ ሊያርመው እንደሚችል ነው።

ታሪኩ የሚነሳው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ የነበረው ጀሮም ሳልዘር ለዶክትሬት ጥናቱ ያቀረበውን ሐሳብ በኮምፒዩተር አዘጋጅቶ ለማተም ሲል «ረንኦፍ» የተባለ ፕሮግራም ሠራ። ብልሃቱ ቀላል ነበር። በመስመር መጀመሪያ ላይ ነጥብ ከተቀመጠች ከእሷ ቀጥሎ ያለው ቃል ትእዛዝ እንጂ ንባብ አይደለም፤ አይታተምም። «መስመር ዝለል»፣ «መሐል ላይ አድርግ» እንደማለት ነው።

ይህች ነጥብ ቤል ላቦራቶሪዎች ከተባለው የምርምር ተቋም ስትደርስ የታሪክ ባለቤት ሆነች። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ለማሳደግ የተሻለ ማሽን እንዲገዛላቸው ቢወተውቱም ሰሚ አላገኙም ነበር። ባልደረባቸው ጆ ኦሳና የተሳተፈበት አዲስ ጥያቄ ግን «ጽሑፍ ማዘጋጃ እንሠራለን» የሚል ስለነበረ በሩ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋሙ የፓተንት ክፍል ታይፒስቶች የፈጠራ መብት ማመልከቻዎችን በዩኒክስ ማዘጋጀት ጀመሩ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ዘር ማንዘሩ የተሠራጨው ዩኒክስ እንጀራውን ያገኘው በጽሕፈት ሥራ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 3 ቀን፣ የዩኒክስ የመጀመሪያው መመሪያ ወጣ። ገጾቹን የጻፉት ፕሮግራሞቹን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። በየገጹ የፕሮግራሙ ባለቤት ይጠቀሳል፤ የሚታወቅ ጉድለት ካለም «ስሕተቶች» በሚል ርእስ ሥር ይሰፍራል። ሠሪው የሥራውን ጉድለት በራሱ እጅ ሊጽፍ የቻለው አንድም ልማዱ ስለነበረ ነው፤ አንድም ምልክቱ ቀላል ስለሆነ ፕሮግራሙን በሚጽፍበት መጻፊያ መመሪያውንም መጻፍ ስለሚችል ነው።

ነጥቧ ግን አንድ ጉድለት ነበረባት። ስለ መልክ እንጂ ስለ ምንነት አትናገርም። «ይህን ቃል አድምቅ» ትላለች፤ ቃሉ የፕሮግራም ስም ይሁን የመጽሐፍ ርእስ አታውቅም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ቻርልስ ጎልድፋርብ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 ሌላ መንገድ ጀመረ። በእነሱ ዘዴ ጸሐፊው «ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው» ብቻ ይላል፤ መልኩን የሚወስነው ሌላ ነው። ሐሳቡ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1986 «ኤስ.ጂ.ኤም.ኤል.» በሚል ስም ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጣለት። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሶፍትዌር መመሪያ ተብሎ የተዘጋጀው «ዶክቡክ» ተወለደ።

ዶክቡክ የቀዩ ቀለም ልጅ ነው። ትእዛዙን ከፋይል ስም፣ የፋይል ስሙንም ከማስጠንቀቂያ ይለያል፤ ከአንድ ምንጭ መጽሐፍም የስክሪን ገጽም ይወጣል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። የተከፈተው ምልክት ሁሉ መዘጋት አለበት፤ አንዳንዴም ምልክቱ ከንባቡ ይበልጣል። አንዲት የተሳሳተች ቃል ለማረም የመጣ ሰው በመጀመሪያ ምልክቶቹን መማር ሊኖርበት ነው። ብዙው ሰው ደግሞ ቃሏን እንደተሳሳተች ትቷት ይሄዳል።

የሊኑክስ ከርነል ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ከመመሪያዎቹ ከፊሎቹ በዶክቡክ፣ ሌሎቹ ደግሞ ያለ ምልክት በተራ ጽሑፍ ተጽፈው ነበር። ዶክቡኩን ወደ ገጽ የሚለውጡት መሣሪያዎች የሚያስቸግሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሰነዶቹ ኃላፊ ጆናታን ኮርቤት በመሩት ሥራ ከርነሉ ወደ ቀለል ያለው «ሪስትራክቸርድቴክስት» መሸጋገር ጀመረ። የፓይተን ቋንቋ ሠሪዎች ቀድመዋቸዋል። ከጅምሩ አንስተው በላቴክ ሲጽፉት የኖሩትን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደዚሁ ምልክት አዛወሩት። ላቴክ የታተመ መጽሐፍን ያሳምራል፤ አንባቢው ግን ወረቀቱን ትቶ ወደ ስክሪን ሄዶ ነበር።

«እንግዲያው ቀላሉን ይዞ መሄድ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ቀላሉም ዕዳ አለበት። ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ማርክዳውን በአንድ ሰዓት ይለመዳል። ነገር ግን ስለ ምንነት የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ሕጉም የላላ ስለነበረ ሁሉም በየፊናው የራሱን ማርክዳውን ሠራ። አንዱ ዘንድ በትክክል የሚታየው ሌላው ዘንድ ይበላሻል። ዘዬዎቹን በአንድ ሕግ ለመሰብሰብ «ኮመንማርክ» የተባለ ጥረት የተጀመረው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በሌላ በኩል የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች ከአሮጌዋ ነጥብ አልተለዩም። በበርክሌይ የተዘጋጀው «ኤምዶክ» የተባለ የነጥብ ትእዛዛት ስብስብ ምንነትን ስለሚናገር፣ ቀላልነትንም ትርጉምንም አንድ ላይ አግኝተውበታል።

እነዚህ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ጸጋ አለ። ምልክታቸው እንደ ንባቡ በግልጽ ፊደል የተጻፈ ስለሆነ ያለ ልዩ ፕሮግራም ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የዩኒክስ ሰባተኛ እትም መመሪያ ከነነጥቦቹ ዛሬም ተከፍቶ ሊታተም ይችላል። የዚህን ዋጋ የአማርኛ ጸሐፊ ሳያውቀው አይቀርም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ እስኪገባ ድረስ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የዚያ ዘመን ብዙ ጽሑፍ ዛሬ ለዋጭ ይሻል።

ስለዚህ ምልክት የሚመርጥ ሰው የመጀመሪያውን እትም ውበት ብቻ ማየት የለበትም። ፕሮግራሙ ነገ ይለወጣል፤ ያልተለወጠ መመሪያ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ብቻ ሳይሆን አሳሳች ነው። አሳሳቹን መስመር አይቶ የሚያርመው ምናልባት መመሪያውን የጻፈው ሰው ላይሆን ይችላል፤ ገጹን ዛሬ ገና የከፈተ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ምርጫው የሚመዘነው ያ እንግዳ እጁን ማስገባት መቻሉ ላይ ነው።