የመናንያን መልክ በመጽሐፍ

ከውርጌሳ በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ የሐይቅን ውኃ ያገኛል። በዚያ ባለው በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዓ ብዙ መነኰሳትን አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ናቸው። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ባለ ሥዕል ሲሆን፥ የራሳቸውም መልክ ተሥሎበታል።

በሕንድ አገርም የመናንያን ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አለ። ይኸውም ከስኮትላንዳዊ አባትና ከሕንዳዊት እናት የተወለደው የጦር አለቃ ጄምስ ስኪነር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1825 ዓ.ም. በፋርስ ቋንቋ ያዘጋጀው «ተሽሪሕ አል አቅዋም» ነው። በእርሱም ውስጥ የሂንዱ መናንያን በየወገናቸው፥ ከነአለባበሳቸው፥ ተሥለው ይታያሉ። ከቅጂዎቹ አንዱ ለስኮትላንዳዊው ሹም ለጆን ማልኮልም ተበርክቷል።

እንግዲህ ሁለቱም መጻሕፍት የመናኝን መልክ ቢያሳዩም፥ ዓላማቸው ይለያያል። የስኪነር መጽሐፍ «ይህ ከየትኛው ወገን ነው?» ለሚል ገዥ ይመልሳል፤ የሐይቁ ወንጌል ግን «አባታችን ማን ነበሩ?» ለሚል ልጅ። በዚያ መናኙ የወገኑ ምሳሌ ነው፤ በዚህ ግን ራሱ ነው። ስለዚህ ጥንታዊ ሥዕልን የሚመረምር ሰው ማን እንደ ተሣለ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ተሣለም ይጠይቅ።